የኩልመስኳ አሰልጣኝ

ባንችይርጋ ሴትዮዋን የጠረጠረቻት ገና ከሩቅ ስታያት ነው። ያን ቀን ታናሽ ልጇ ንጋት ከትምህርት ቤት ስለዘገየችባት ልትፈልጋት ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ወርዳ ነበር። ልጃገረዶቹ በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠጉሯን እንደ ወንድ ያሳጠረች ጎልማሳ ሴት ከፊታቸው እየተመላለሰች በስልኳ ፎቶ ታነሣቸዋለች። ፎቶውን ስትጨርስ ደግሞ እያንዳንዷን ከአጥሩ አስደግፋ ቁመቷን ትለካለች።

«ዕድሜሽ ስንት ነው? የልደት ካርድ አለሽ? መታወቂያስ?» ትላለች።

የባንችይርጋ እግር መንገዱ ላይ ተተከለ። ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ጦርነቱ ላሊበላን አልፎ በሄደ ማግሥት፣ ቱሪስት ጠፍቶ ሆቴሉ ሁሉ በሩን በዘጋበት ወራት፣ ከወልድያ የመጣች አንዲት አፈ ቅቤ ሴት ቤቷ ድረስ ገብታ ታላቋን ልጇን ሰብሌን እንዲሁ ፎቶ አንሥታት ነበር። ቁመቷን ጠየቀች፤ ዕድሜዋን ከፍ አደረገች። «እኅቴ፣ ልጅሽ እንደ ልጄ ናት» አለች። ሰብሌ አሁን ቤይሩት ናት። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ «ደኅና ነኝ እማዬ» ትላለች። ድምፅዋ ግን የደኅና ሰው ድምፅ አይደለም።

«ንጋት!» ብላ ተጣራች ባንችይርጋ። «ነይ ወደ ቤት!»

«እማ፣ ልምምድ ላይ ነን እኮ። አሰልጣኟ...»

«ነይ ብያለሁ!»

ባለ ቱታዋ ሴት ዞር ብላ ጎንበስ በማለት ሰላምታ ሰጠቻት። ባንችይርጋ አጸፋውን አልመለሰችም። የልጇን ክንድ ይዛ ዳገቱን ወጣች።

ባንችይርጋ ባሏ ካረፈ ወዲህ በቤተ ማርያም መግቢያ ለተሳላሚው ጧፍ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። የሰው ፊት ማንበብ ሥራዋ ነው፤ ማን ለመሳለም፣ ማን ለመታየት፣ ማን ደግሞ የሌላውን ኪስ ፈልጎ እንደመጣ ታውቃለች። የዚህችን ሴት ፊት ግን ማንበብ አቃታት። ለዚህም ይበልጥ ጠላቻት።

በሳምንቱ እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ አሰልጣኟ ራሷ ቤት ድረስ መጣች። ነጠላ በቱታው ላይ ደርባለች።

«እትዬ ባንችይርጋ፣ እንደምን ዋሉ? ዓይናዲስ እባላለሁ። ስለ ንጋት ልነግርዎት ነው የመጣሁ።»

እንግዳ ከደጅ አይመለስምና ባንችይርጋ አስገባቻት። ጠላ ቀዳችላት። ሴትዮዋ ጣሳውን አመስግና ተቀበለችና ሳትቀምሰው ከጎኗ አስቀመጠችው።

«አልጠጣም፤ በተጫዋችነቴ ጊዜ የለመድኩት ነው፤ አይቀየሙኝ።»

*የቤቴን የማይቀምስ ሰው* አለች ባንችይርጋ በልቧ።

«ወልድያ ላይ የሴቶች ውድድር አለ። ከዚህ ቡድን ይዤ ልሄድ ነው። ንጋት እግሯ የተባረከ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስዞር እንደሷ ያለች አጥቂ ብዙ አላየሁም። ጥሩ ከተጫወተች ደሴ ወጣቶች የሚሠለጥኑበት ቦታ አለ፤ እዚያ...»

«ወልድያ» አለች ባንችይርጋ። «ከዚያ ደሴ። ከደሴ ወዲያስ የት ነው?»

ሴትዮዋ ነገሩ የገባት ይመስል ፈገግታዋን ሰበሰበች።

«ከዚያ ወዲያ የሷ ጉዳይ ነው። እኔ ብዙ ሄጃለሁ። ኳስ የጀመርኩ እዚሁ አገር ነው፤ የጨርቅ ኳስ፣ ከወንዶች ጋር። ከዚያ ደሴ ገባሁ። ያን ጊዜ የሴት ቡድን የሚባል ገና መቋቋሙ ነበር። ሰው ሜዳ የሚመጣው ሊያየን ሳይሆን ሊስቅብን ነው። ‹ሂጂ ወጥሽን ሥሪ› እያለ ድንጋይ የሚወረውርም ነበር። ኋላ አዲስ አበባ አንድ የፋብሪካ ቡድን ወሰደኝ። ጎል አግቢ ነበርኩ፤ ጋዜጣም ላይ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ሲበጠስ ሐኪሙ ‹በቃሽ› አለኝ። ፊሽካ ያዝኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መንገድ ነው። አዳማ፣ ዲላ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ። አንዱ ቡድን ይፈርሳል፤ አንዱ ከውድድር ይወርድና አሰልጣኝ ይቀይራል። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ቡድኑ ሲያሸንፍ ተጫዋቾቹ፣ ሲሸነፍ አንቺ ነሽ። ሻንጣዬን አንሥቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ።»

«ባልስ? ልጅስ?»

«ሻንጣ ሳነሣና ሳስቀምጥ አለፈኝ።»

ሴትዮዋ ይህን ስትል ሳቀች፤ ባንችይርጋ ግን አልሳቀችም። ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ከተማ ምን ያዞረዋል? እያንዳንዱ የከተማ ስም በጆሮዋ የሚገባው እንደ ሌላ የክስ ቃል ነበር። ቤት የሌለው፣ ጎረቤት የማያውቀው፣ የሚጠይቀው ዘመድ የሌለው። ደላላስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

«እዚሁ አገር አልሽ። ወዴት ነሽ?»

«ኩልመስክ።»

«የማን ልጅ?»

አሰልጣኟ ጣሳውን ከቦታው ትንሽ ገፋ አድርጋ፣ «የደሳለ» አለች።

«አባትሽ በሕይወት አሉ?»

«እንጃ።»

ያን ቃል ባንችይርጋ ከሴትዮዋ መሄድ በኋላም ስታመነዥከው ዋለች። አባቱ ይኑር ይሙት የማያውቅ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ወይ ልብ የለውም፤ ወይ አባቱ አይደለም።

ንጋት ማታ እራት ላይ ለመነች፤ አለቀሰች። «ሁሉም ይሄዳሉ እኮ እማ! ለምን እኔ ብቻ?» አለች። ባንችይርጋም፣ «ሴትዮዋ ያለችውን ሆና ከተገኘች ትሄጃለሽ። እስከዚያ ኳስ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

የኩልመስክ ገበያ ቀን ሲደርስ ባንችይርጋ የጧፍ መደቧን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ባቄላ ልትገዛ ነው ብላ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። ባቄላውንም ገዛች፤ ነገር የምታጣራ ሴት ባዶ እጇን ከተመለሰች ይታወቅባታልና። ከዚያ የደሳለን ቤት ጠየቀች። ደሳለ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘው ልጃቸው ሙሉሃብት ነው አሏት። ሙሉሃብትን ከበሬ ገበያው ጥግ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆሞ አገኘችው።

«የደሳለ ልጅ ነዎት?»

«ነኝ። ምነው?»

«እኅት አለችዎት? ዓይናዲስ የምትባል?»

ሰውየው ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝ። ለራሴ ጉዳይ ነው።»

«የመሬት ጉዳይ ከሆነ ንገሪኝ። በዚህ መሬት ላይ ከኔ ሌላ ወራሽ የለም። ይህን አገር ያውቃል።»

«ምን መሬት አመጣብዎ? እኅት አለችዎት ወይ ነው የኔ ጥያቄ።»

«ነበረችኝ» አለ ሙሉሃብት። «ሞታለች። ደሴ ነው የሞተችው፤ ልጅ ሳለች። ተዝካሯን አውጥተናል። ካላመንሽ ጎረቤቱን ጠይቂ።»

ጎረቤቱንም ጠየቀች። አንድ ሽማግሌ፣ «እውነት ነው፤ እኔም በልቻለሁ» አሏት። «ያቺ ልጅ ሠርጓ ተደግሶ ሳለ ጠፍታ ሄዳ እዚያው ቀረች። እናቷ ከሐዘኑ በኋላ ቤት አልሞቃቸውም፤ መነኮሱ። ነአኩቶ ለአብ ናቸው፤ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ይባላሉ።»

ባንችይርጋ ለሟቿ ማዘን ነበረባት፤ እሷ ግን የተሰማት ደስታ ነው። ያዝኩሽ! አለች በልቧ። የሙት ስም ለብሳ የምትዞር ሴት! ሚኒባሱ ውስጥ ባቄላዋን እግሯ ሥር አድርጋ እንደተቀመጠች ሙሉሃብት በመስኮቱ በኩል መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«እመቤት፣ ስሟን ማን አነሣልሽ? የት አየሻት... ማለቴ፣ የት ሰማሽ?»

«ሞታለች አላሉኝም? ምን አስጨነቀዎት?» አለችው። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ነገሩ ትንሽ ከነከናት፤ ግን የፈለገችውን አግኝታለችና አልመረመረችውም።

ላሊበላ ስትደርስ ወሬው ከእሷ ቀድሞ የገባ ያህል ነበር። ለአንዲት እናት ነገረች፤ አንዷ ለሌላዋ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ በዚህ ከተማ ልጇን ለዓረብ አገር የሰጠች እናት ባንችይርጋ ብቻ አልነበረችም። በማግሥቱ ሜዳው ባዶ ሆነ። አሰልጣኟ ኳሶቹን በመረብ አንጠልጥላ ከግቡ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ስትጠብቅ ሰዎች ከመንገድ ላይ ሆነው አዩዋት። ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ደርበው አስጠራት። ባንችይርጋም ተጠራች። ሌሎች እናቶች ሳይጠሩ መጡ።

«መታወቂያሽን እስቲ» አላት ደርበው።

ሰጠችው። አገላበጠና፣ «ዓይናዲስ ደሳለ» ብሎ አነበበ። «የዞኑ ስፖርት ሰዎችም እሷ ናት ብለውኛል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

«እሱ እኮ ነው ጉዱ!» ባንችይርጋ ተነሣች። «ዓይናዲስ ደሳለ ሞታለች። ወንድሟ በአፉ ነግሮኛል። ተዝካሯን የበላ ጎረቤት መስክሮልኛል። አንቺ ሴት፣ የሙት ስም ይዘሽ ነው ልጆቻችንን የምትሰበስቢ?»

እናቶቹ አጉረመረሙ። ባንችይርጋ ሴትዮዋ ትጮኻለች፣ ትምላለች፣ የትልልቅ ሰዎች ስም እየጠራች ታስፈራራለች ብላ ተዘጋጅታ ነበር። ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች እንጂ አንዱንም አላደረገችም።

«ተዝካር አወጡልኝ?»

እናቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ማን አለቀሰ?» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ደርበው።

«ማን አለቀሰልኝ? እናቴም አልቅሳለች?»

ባንችይርጋ ተመልሳ ተቀመጠች። ውሸታም ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ውሸታም ስለራሱ ነው የሚከራከረው። ግን ደግሞ የሰብሌ ደላላም እንባ ታውቅ ነበር። እንባ ምስክር አይሆንም።

አሰልጣኟ ቀስ ብላ ተናገረች። አባቷ ከእሷ የሚተካከል ልጅ ላለው ሰው ሊድራት ሲደግስ በወልድያ መኪና ጠፍታ መሄዷን፤ ደሴ ሰው ቤት ተቀጥራ ማታ ስትማር፣ ቀን ሜዳ ስትወጣ ወንድሟ ፈልጎ እንዳገኛት። «ተመለሺ አለኝ። አልመለስም አልኩት። ማልያ ለብሼ ባጭር ቁምጣ ሲያየኝ ፊቱን ሸፈነ። ‹ከዛሬ ጀምሮ ለኛ ሞተሻል› አለኝ። የንዴት ነገር መስሎኝ ነበር፤ ማን አይልም? ኋላ በሾፌር፣ በነጋዴ ሰላምታ እልክ ነበር። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ እሱ ነው። ‹እናትሽ ስምሽ እንዲነሣ አትፈልግም› ይለኛል። እኔም ረግማኛለች ብዬ ቀረሁ። ከአገር አገር የዞርኩት... ወዲህ የሚያመጣኝን መንገድ ብቻ ትቼ ነው የዞርኩት። ዘንድሮ እዚህ ሥራ አለ ሲሉኝ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ።»

ባንችይርጋ የሙሉሃብትን ላብ አስታወሰች። *የት አየሻት* ያለው ምላሱ አምልጦት ነበር።

«እናቷ በሕይወት አሉ» አለች ለደርበው፣ ወደ ሴትዮዋ ሳታይ። «ነአኩቶ ለአብ መነኩሴ ናቸው። ነገሩ እዚያ ይለይ። ልጅ ናት ካሉ ልጅ ናት፤ አይደለችም ካሉ ለፖሊስ ትሰጥ።»

አሰልጣኟ ብድግ አለች። «ነአኩቶ ለአብ? እዚሁ?» አለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትመጣ በዚያ መንገድ ነበር ያለፈችው።

ሦስቱም በአንድ ባጃጅ ሄዱ። ደርበው ከሾፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላ። ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር ትከሻቸው ይነካካል። ቁልቁለቱን በእግር ሲወርዱ የአሰልጣኟ የታመመ ጉልበት እየከዳት ድንጋይ እየያዘች ነበር የምትሄደው። ባንችይርጋ እጇን ልትዘረጋላት አሰበችና ተወችው። ገና አልተለየም።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል ከሚጠራቀምበት ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ደርበው እጅ ነሣ።

«እማሆይ፣ ዓይናዲስ የምትባል ልጅ ነበረችዎት?»

«ነበረችኝ ልጄ። እግዜር ነፍሷን ይማር። ምነው?»

«ይህች ሴት እኔ ነኝ ትላለች።»

መነኩሲቷ ዓይናቸውን አነሡ። ልባቸው ይዘላል፣ እቅፍ ያደርጓታል ብላ ባንችይርጋ ጠብቃ ነበር። መነኩሲቷ ግን መቋሚያቸውን ወደ ራሳቸው ስበው አማተቡ።

«በስመ ሥላሴ! አንቺ ምንድን ነሽ? ሰው መስሎ የሚመጣ ብዙ ነው። በሐዘን የሚፈትን አለ። ሂጂልኝ!»

«እማዬ...»

«ሂጂ አልኩ! የልጄን መርዶ ወንድሟ ራሱ ነው ያመጣልኝ። ማቅ ለብሼላታለሁ። ሂጂ!»

አሰልጣኟ ቆማ ቀረች። ከዚያ ዞራ መሄድ ጀመረች። ግራ እግሯን ወደ ውጭ እየጣለች፣ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ፣ ዳገቱን ተያያዘችው። ደርበው፣ «በይ እንግዲህ» ብሎ ሊከተላት ተንቀሳቀሰ።

«ቆይ» አሉ መነኩሲቷ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ቆይ እስቲ። የደሳለ አካሄድ ነው። አንቺ! መልሰሽ ሂጂ እስቲ። ወዲህ። ወዲህ ነይ።»

ሴትዮዋ ተመለሰች። መነኩሲቷ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። አንዳች ነገር አልጠየቋትም፤ ጠባሳም ምልክትም አልፈለጉም። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና አለቀሱ፤ እንደ መነኩሴ ሳይሆን እንደ ገበሬ ሴት፣ ድምፅ አውጥተው።

አንድ ቄስ ደንግጠው ከውስጥ ብቅ አሉ። መነኩሲቷ በእንባቸው መሃል ወደሳቸው ዞረው፣ «አባ፣ ስሟን ከሙታን ያውጡልኝ! ይህን ሁሉ ዓመት ከሙታን ጋር እያስጠራኋት! ከሕያዋን ያስገቡልኝ አባ፣ ዛሬውኑ!» አሏቸው።

ባንችይርጋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ልታለቅስ ፈልጋ ዕንባዋ እምቢ አላት። ያፈረችው በነገሩ ብቻ አይደለም፤ ኩልመስክ ላይ የአንዲት ልጅ መሞት ስትሰማ በመደሰቷ ነው።

ስትመለስ በየቤቱ ዞራ፣ «ተሳስቻለሁ፤ ሴትዮዋ ያለችውን ናት» አለች። ያመኗት አሉ፤ ያላመኗትም አሉ። ወሬ መዝራት ቀላል ነው፤ መልቀም ግን ሌላ ነው። ከቡድኑ ግማሽ ያህሉ አልተመለሱም። አሰልጣኟ በቀሩት ላይ ከመንገድ ዳር ስትሮጥ ያየቻትን ልጅ ሁሉ ጨምራ ወልድያ ሄደች። ባንችይርጋም ስንቅ አሲዛ አብራ ተሳፈረች። «ይቅርታ ልትጠይቂኝ ነው የመጣሽ?» አለቻት አሰልጣኟ፤ አሁን እሷም አንቺ ማለት ጀምራለች። «ይቅርታውን ጠይቄሻለሁ» አለች ባንችይርጋ። «የመጣሁ ግን ልጄን ልጠብቅ ነው።» የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፉ፤ በሁለተኛው ክፉኛ ተሸነፉ። የንጋት ጎል ግን አገር ያወራለት ነበር።

ሙሉሃብት በዓመታዊው የነአኩቶ ለአብ በዓል ሽማግሌዎች ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ እናቱ እግር ላይ ወደቀ። እኅቱ ድንጋዩን ራሷ አወረደችለት። እንደ ተነሣም ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት መሬቱን ትፈልጊ እንደሆነ ነው። «ኳስ ሜዳ አይሆንም፤ ዳገት ነው» አለችው። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም።

ንጋት ለደሴው ሥልጠና ስትመረጥ ባንችይርጋ እምቢ አለች። አሰልጣኟ አላባበለቻትም፤ «የእናት ነገር ነው» ብላ ተወችው። ንጋት እናቷን አኮረፈች፤ ክረምቱን ሙሉ እንደ ጎረቤት ነበር የሚተያዩት። አሰልጣኟ ደግሞ ደሴ ላይ ሥራ አግኝታ ሻንጣዋን አነሣች። ስትሄድ ግን በየወሩ ልታያቸው እንደምትመጣ ለእናቷ ነግራ ነበር፤ እንዳለችውም ትመጣ ጀመር።

ቃሏን ሳታጓድል ስትመላለስ ያየቻት ባንችይርጋ በመስከረም ልጇን ይዛ ደሴ ገባች። የልጃገረዶቹን መኝታ ቤት አየች፤ የበሩን ቁልፍ ራሷ ዘጋችና ከፈተች፤ የወጥ ቤቷን ሴት ስሟንና አገሯን ጠየቀች፤ ዘበኛውን ማታ ይተኛ እንደሆነ ጠየቀችው። አሰልጣኟ በሄደችበት ሁሉ እየተከተለች ትስቃለች።

«እኔን መቼ ነው የምታምኚኝ፣ እትዬ ባንችይርጋ?»

«አንቺን አምኛለሁ። መንገዱን ነው የማላምን።»

እዚያው ደሴ ከአንዲት የአክስቷ ልጅ ዘንድ አርፋ፣ ጠዋት ጠዋት ከሜዳው አጥር ውጭ እየቆመች ልምምዱን ስትመለከት ሰነበተች። በመጨረሻ አሰልጣኟ ፊሽካዋን ነፍታ ጨዋታውን አስቆመችና ከተቀያሪዎቹ መቀመጫ አንድ ወንበር አንሥታ በአጥሩ በር ወጣች፤ ከባንችይርጋ እግር ሥር አስቀመጠችላት። ባንችይርጋ ወንበሩን በእጇ ነቅነቅ አድርጋ መጽናቱን ካየች በኋላ ተቀመጠች።